የወፍ ማረፊያ ደሴቱ ታንኳ ሠሪ የአቶ አስረስ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

አቶ አስረስ እሸቴ ከአባታቸው ከአቶ እሸቴ አዳነና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተማርያም ሲሳይ በ1944 ዓ.ም በደራ ወረዳ፣ ጣና ሐይቅ ላይ በምትገኘው በወፍ ማረፊያ ደሴት ተወለዱ። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ጧት ዙሯን መዞር የጀመረ ሰው ለቁርስ ይደርሳል። በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። ከዚያ በላይ አልገፉም፤ ልባቸው ከአባታቸው ጋር ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል ማጨዱ ላይ ነበር።

ደንገሉን አድርቀው፣ በልጥ እየጠፈሩ ታንኳ ሲያስሩ እጃቸው የተመሰከረለት ነበር። ደንገል ውኃ ይጠጣልና ከጉዞ መልስ ታንኳን አቁሞ ማድረቅ ግድ ነው፤ ይህን ችላ ያለ ሰው ከአቶ አስረስ ምላስ አያመልጥም። የደሴቲቱን ዳርቻ ድንጋይ በድንጋይ ያውቁታል። ጉማሬ የሚወጣበትን፣ ይብራ እንቁላሏን የምትጥልበትን፣ የጥንት አባቶች ታቦት ይዘው የወረዱበት ነው የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ ለእንግዳ ያሳዩ ነበር። አንዳንዱን ታሪክ ከራሳቸው እንደሚጨምሩበት እኛ ዘመዶቻቸው እናውቃለን።

በ1968 ዓ.ም ከወይዘሮ ጌጤ ፋሲል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሙሉቀንንና ሰላማዊትን ወለዱ። ወይዘሮ ጌጤ በ1999 ዓ.ም በሞት ሲለዩ ሰላማዊት ደብረ ታቦር በመምህርነት ላይ ነበረች፤ ከአባቱ ጋር የቀረው ሙሉቀን ነው።

ነሐሴ 2006 ዓ.ም ሙሉቀን ለሐሙሲት ገበያ ደረቅ ዓሣ ጭኖ ተሻገረ። ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። ታንኳው ባዶውን ተገኘ፤ ሙሉቀን ግን አልተገኘም። ዘመድ ለቅሶ ሲቀመጥ አባት አልተቀመጡም። «ልጄ ተሻገረ እንጂ ሞተ አልተባልሁም» አሉ። ቄሱ ጸሎተ ፍትሐት ሊያደርሱ የክርስትና ስሙን ቢጠይቁ አልናገርም አሉ። እናቱም፣ የክርስትና አባቱም፣ ያጠመቁት ቄስም አልፈዋል፤ እኅቱ ታናሹ ናትና አታውቀውም። ያለ ክርስትና ስም ደግሞ ፍትሐት አይደረስም። ንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ ስንት ሽማግሌ ለመናቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ስሙን ከሰጠሁማ ቀበርሁት።»

ቆይቶ እምቦጭ የሐይቁን ዳር ወረረው፤ ጎረቤቶቻቸውም እየተነሡ ወደ የብስ ወጡ። አቶ አስረስ ግን የልጃቸው ታንኳ ከሚጠጋበት ቦታ እምቦጩን እየነቀሉ ብቻቸውን ቀሩ። ቢያማቸው ውኃ የሚያቀብላቸው ሰው አልነበረም። ስልክ ስንደውል ስለ ነፋሱ ይነግሩናል እንጂ ስለ ራሳቸው ትንፍሽ አይሉም። ብቸኝነታቸው እኛን ያስለቅሰን ነበር።

በ2015 ዓ.ም ዓይናቸው ሲደክም ሰላማዊት ወደ ደብረ ታቦር አመጣቻቸው። የጉና ብርድ አልተስማማቸውም። «ሐይቅ በሌለበት አገር ሰው ወዴት እያየ ይውላል?» እያሉ ደጅ ይቀመጡ ነበር። ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ልጃቸው ሰላማዊትና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

ሕመሙ ሲጸናባቸው ንስሐ አባታቸውን አስጠርተው፣ «እኔ ከሄድሁ ስሙን ማን ይሰጥለታል?» ብለው የክርስትና ስሙን ነገሯቸው። እናም ዛሬ የሚደርሰው ፍትሐት የሁለት ሰው ነው። አልቃሽ ወገናችን ሆይ፣ አብረኸን አሜን በል፦ የአባትን የገብረ ሥላሴን፣ የልጅን የወልደ ሐናን ነፍስ እግዚአብሔር በአንድነት በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን።