ከድርዬ፣ ካሚዮንህ ተነሳች

ከድርዬ የኔ ሰው፣ ባለህበት ሰላም ሁን።

ከተለየኸን አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ሊወጣ ነው። የእንጦጦ ጋራ አሁንም ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ነው የሚታየው፤ የሰፈራችን የወሰን ጭቃም እንደምታውቀው ነው፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፍኛለሁ። ጓሮ የተከልከው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፣ የሰፈሩ ልጆች ግን ሳይበስል ግማሹን ጨረሱት። ወንበርህን ወንድምህ ጀማል ሊወስደው ፈልጎ ነበር፣ አልሰጠሁትም። ሰው ሁሉ «ይብቃሽ፣ ዕቃውን ከፊትሽ አንሺው» ይለኛል። አላነሳም። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን አልወደቅኩም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ትንሿ ካሚዮንህ ነው። ያ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ አገር ሲለቅ፣ ሾፌሩ ስለነበርክ የሰጠህ፣ ክንድ የምታህል፣ የእውነት ሞተር ያላት፣ አንቴና ባለው ሳጥን ከሩቅ የምትነዳው መጫወቻ። ይዘሃት የመጣህ ዕለት፣ ይህን የሚያህል ሰው ከነጢሙ ልጅ ሆነ ብዬ ስቄብህ ነበር። አንተ ግን ከአሰብ መንገድ አቧራ ለብሰህ ስትመለስ ከእኔ ቀጥሎ የምትጠይቀው እሷን ነበር። እሑድ ከሆነ ከኮተቤ በላይ ወደ ባሕር ዛፉ ይዘናት እንወጣለን። ገመዷን ትስባለህ፣ ደግመህ ትስባለህ፣ ላብህ ይንቆረቆራል፤ እሷን ያስላትና ዝም ትላለች። የአፋር ግመል እንኳ እንዲህ አታስለምንም ትል ነበር። ስትነሳ ደግሞ ያ የጉሎ ዘይት የሚሸት ጭሷ ልብስህ ላይ ቀርቶ ቤት ድረስ ይከተለናል። ስነጫነጭበት የነበረው ሽታ እንዴት እንደናፈቀኝ ባወቅህ።

ችግሯ ማስነሻዋ ነበር። ገመዱ ቀጭን፣ ገመዱን የሚመልሰው ሞላ ደግሞ ደካማ። ወባው አልጋ ላይ የጣለህ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሻል ሲልህ አምጪልኝ አልክ፤ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ በዚያ በከሳ እጅህ ሳብከው። ገመዱ ተበጥሶ እጅህ ላይ ቀረ። አየኸውና፣ ይህን ማስነሻ ስድን እቀይረዋለሁ አልክ። አልዳንክም። ገመዱን ከትራስህ ስር አገኘሁት።

እንግዲህ ታውቀኛለህ፣ ያንተን ቃል መሬት ላይ ማስቀረት አልወድም። አንድ ቀን የሰው ቀሚስ ስሰፋ የስፌት መኪናዬን መዘውር ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ። እኔ ከታች ቀስ ብዬ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ እሱ ከላይ ይከንፋል። ሞተር ለመነሳት ከመዞር ሌላ ምን ይፈልጋል? ደግሞ እጅ የሚታክተውን እግር አይታክተውም። ከአሮጌ በርባሶህ ላስቲክ ክብ አድርጌ ቆርጬ መዘውሩ ላይ አጣበቅኩ፣ ካሚዮኗን ከጎኑ አስጠግቼ ከሞተሯ ጋር የምትዞረዋን ብረት ላስቲኩ ላይ አስደገፍኩ። ካንዴላዋን አንተ እንዳሳየኸኝ በባትሪ ድንጋይ አጋልኩ። ረገጥኩ። አሳላት፣ ተንፈራገጠች፣ ዝም አለች። ነዳጇ በቆርቆሮው ውስጥ የቀረ ጥቂት ነው፣ ሌላ አይገኝም፤ ስለዚህ ሳልጨርሰው ተውኳት። ግን ከገመዱ እንደሚሻል እግሬ አወቀ።

በማግስቱ የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ለጎረቤታችን ለሙሉ ስነግራት ደስታው ድምፄን ከፍ አደረገው። ከድር ያቃተውን እኔ አስነሳዋለሁ፣ ቅዳሜ ካላስነሳሁ ስሜ ዘይነባ አይደለም አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ጆሮ ጠቢ «ቅዳሜ እናስነሳለን» አለች ብሎ ለቀበሌ አደረሰው። በዚህ ዘመን እናስነሳለን ከተባለ አመፅ ማለት ነው፤ ይታይህ።

የአብዮት ጥበቃዎቹ መጥተው ቤቱን ገለባበጡት፣ የካሚዮኗንም ሳጥን ከነአንቴናው አገኙት። ቀበሌ ወሰዱኝ። ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አስነሺው ማነው?» አለኝ። እኔ ምስኪን ስለ ሞተሩ የሚጠይቀኝ መስሎኝ፣ ሴት አትችልም ሊል ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኝ!» አልኩት። ጸሐፊው ብዕሩን ወርውሮ አየኝ። ከዚያ «ማንን ነው የምታስነሺው? ከእነማን ጋር?» ሲለኝ ነው የገባሁበት የገባኝ። መኪና ነው፣ መጫወቻ ነው፣ የባሌ ነው አልኩ። «ለፈረንጅ ሲነዳ የነበረ ሰው የመልእክት ሬዲዮ ደብቆ ሞተ በይና» አለኝ። ከድርዬ፣ ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ቅዳሜ እዚሁ ግቢ አምጥቼ አስነሳታለሁ አልኩት። ካልተነሳች ሳጥኑ ሬዲዮ ነው፣ ባልሽም ሰላይ ነው፣ አንቺም ለእስር ወደ ከፍተኛ ትሄጃለሽ ብሎ ለቀቀኝ።

ጀማል ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቶልኝ ነው። እጄን ይዞ «በአላህ ዘይኑ፣ ምንም አላውቅም፣ ሁሉም የእሱ ነው በያቸው። እሱን ምን ያደርጉታል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያለ ይምላል፣ እኔ አንተን ወቅሼ ልድን? በአሰብ በረሃ መኪና የተበላሸበትን ሁሉ ቆመህ ስታነሳ የኖርከውን አንተን ሰላይ ብዬ ላስጽፍህ? ሻይ ጠጥቶ እንዲሄድ ነገርኩት፤ እምቢ ማለቴን ከፊቴ አይቶ ሻዩንም ሳይጠጣ ሄደ።

ቅዳሜ ግን እሱው ነው የመጣው። የስፌት መኪናውን በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው እኔና ሙሉ ይዘን በወሰን ጭቃ ውስጥ ቀበሌ ድረስ ተሸከምነው። ሰው ግቢውን ሞልቶታል። አንዳንዱ ሊያየኝ፣ አንዳንዱ ስያዝ ሊያይ። ቆርቆሮውን ገልብጬ ያለውን ነዳጅ አንድ ሳላስቀር ቀዳሁ። ጎረቤቴ ሙሉም ካሚዮኗን ላስቲኩ ላይ ደግፋ ያዘች። ረገጥኩ። ቸኩዬ ነበርና ፔዳሉ አሳስቶኝ መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረ። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው ጥፋት ነው፣ ወደ ኋላ ከዞረ ክር ይበጠሳል። ሞተሯ ተንቋቋችና ዝም አለች፤ ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ሊቀመንበሩም ሰዓቱን አየ።

ጫማዬን አወለቅኩ። መዘውሩን በእጄ ወደ ትክክለኛው አዙሬ ለቀቅኩና ቀሚስ እንደምሰፋ ሆኜ መርገጥ ጀመርኩ፤ ስለ ሳቁም ስለ ሰዓቱም ማሰብ ተውኩ። አሳላት። አሁንም አሳላት። ከዚያ ጮኸች! ያ ጩኸቷ! ግቢውን ጭስ ሞላው፣ የጉሎ ዘይት፣ ያንተ ሸሚዝ ሽታ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ጭሱ ነው ብዬ አልዋሽም። ሳጥኑን ግቢው ውስጥ ካወጡት ጠረጴዛ ላይ ማንንም ሳላስፈቅድ አነሳሁና ነዳኋት። ሰው ተከፈለላት። ሊቀመንበሩን ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው፣ እሱም እግሩን እያነሳ አብሯት ሲሽከረከር ሲስቁብኝ የነበሩት በእሱ መሳቅ ጀመሩ። ነዳጇ አልቆ እስክትቆም ድረስ አልተውኳትም።

ጸሐፊው «መጫወቻ» ብሎ ጻፈ። እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት፤ ባሏም ንጹሕ ነው የሚል ጨምርበት አልኩት። ሊቀመንበሩን አየና ጨመረ። አንቴናውን ግን ለጥንቃቄ ብለው አስቀሩት። ይውሰዱት። የተሰበረ ጃንጥላህን ሽቦ ፈትቼ በቦታው አስገብቻለሁ፤ ነዳጅ የተገኘ ቀን እናያለን።

አሁን ካሚዮንህ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆማለች፣ የተበጠሰውም ገመድ ላይዋ ላይ ነው። ስሠራ ላስቲኩን ከመዘውሩ አላነሳውም፤ ደንበኞቼ ይህ ምንድን ነው ሲሉኝ የባሌ ማስነሻ ነው እላለሁ፣ ድምፄንም አልቀንስም።

ከድርዬ፣ አንተን የሚያስነሳህ ፈጣሪህ ነው፣ ቀኑንም እሱ ያውቃል፤ በዚያ አልገባም። ቢሆንልኝ በእግሬ እስከ ቂያማ በረገጥኩ ነበር። ስምህ ግን የእኔ ሥራ ነው። በሰልፍም፣ በቀበሌም፣ በየትም ቢጥሉት አልረሳህም፣ ስምህንም አልተውላቸውም። አስነሺው ማነው ብለው ደግመው ይጠይቁኝ። አሁን ጥያቄው በደንብ ገብቶኛል፤ መልሴ ግን ያው ነው፦ እኔ ነኝ።

ዘይነባህ