ፎቶ ላነሳ ወጥቼ ቀያሽ ስላደረጉኝ የቀረበ ምስጋና

ለጅብራ ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ደመላሽ
ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 8 ቀን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወንበርዎ ተመችቶዎት፣ ስብሰባዎ በሰላም ተጠናቆ፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ እንደሚደርስልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ ጊዜ ካገኙ፣ ከቅዳሜ ወዲህ እጄ መንቀጥቀጡን ጨርሶ ስላልተወ ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት አላስታውስም። አንዳንዱ ቃል ቢሻክርብዎ ከፍርሃት የመጣ እንጂ ከንቀት የመጣ እንዳይመስልዎ።

ሩሃማ ንጉሴ እባላለሁ። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ተራራና ሸለቆ ፎቶ አነሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜም በአሮጌ መኪናዬ ብቻዬን ወደ ፓርክዎ ወጥቼ ነበር። የተደረገልኝን ውለታ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ትብብር ደብዳቤው ላመስግንዎ። ሐሙስ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ፣ ብቻዬን ተራራ ላይ ስለምውል የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የማሳየው ወረቀት እንዲጻፍልኝ ስለምን፣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሂዊ በፈገግታ ተቀብላኛለች። ቢሮው ለፎቶ አንሺ የሚሆን ፎርም እንደሌለው፣ ነገር ግን ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ፎርም እንዳለ ነግራኝ፣ ስሜን ሞልታ፣ እርስዎ ፈርመው፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በታሸገ ፖስታ ተሰጠኝ። እኔም ለሌላ ሰው የታሸገ ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝና እንደታሸገ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማኅተም ይዣለሁ እያልኩ ልቤ ሞልቶ ዳገቱን መውጣቴን ሳስብ ራሴን እታዘባለሁ።

2. ሁለተኛው ምስጋናዬ ባለፈው ዓመት ሠራተኞችዎ በየገበሬው ማሳ ላይ ስለ ተከሏቸው ችካሎች ነው። ራስ ራሳቸው ቀይ ቀለም ተቀብቷልና ከሩቅ ይታያሉ። ምን እንደሆኑ ለባለማሳዎቹ ቀርቦ የነገረ ሰው ባይኖርም፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክለው ሲለኩ የሰነበቱት ቀያሾች ሲሄዱ ችካሎቹ መቅረታቸውን ሕዝቡ በሚገባ አስተውሏል። እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ ገብስ ከደረሰበት ማሳ በላይ ባለ ጉብታ ላይ ቆሜ፣ የካሜራዬን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ቁልቁል ስመለከት ምን እመስል እንደነበር ለክቡርነትዎ ማስረዳት አያሻኝም።

ረፋድ ላይ ጉሙ ወረደ። ከመኪናዬ ሃምሳ እርምጃ ባልርቅም መኪናዬ አልታይ አለችኝ። ከዚያ ከአንዱ ሸንተረር የሰው ጥሪ ተሰማ፤ ከማዶ ሌላ ድምፅ መለሰለት፤ ቀጥሎ ደግሞ ከበስተኋላዬ። ቃሉን ባልለየውም ስለ እኔ እንደሚጠራሩ ገባኝ። ክቡር ሆይ፣ ፈሪ የምባል ሰው አልነበርኩም። ያን ጊዜ ግን የካሜራዬን ክዳን መግጠም አቃተኝ። መሮጥ አማረኝ፤ ወዴት እንደምሮጥ ግን አይታየኝም።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ፤ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ዱላ ይዘዋል፤ አንዱ ጠመንጃ አንግቷል። አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ታላቃቸው፣ አቶ ገዳሙ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ጸጥ ባለ ድምፅ "አንቺ ልጅ፣ ስንት ጥማድ መሬት ወሰድሽብን?" ሲሉ ጠየቁኝ። ፎቶ አንሺ ነኝ ብላቸው "የፊተኞቹም መሣሪያውን ሲተክሉ ዝም ብለን ነው ያሉን" አሉኝ። የእርስዎ ደብዳቤ ትዝ ያለኝና ተመስገን ብዬ የተነፈስኩት ይኼኔ ነው። ፖስታውን በሁለት እጄ አቀረብኩ። ከመካከላቸው ዲማ ድረስ ሄደው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት መሪጌታ አምደሚካኤል ተቀብለው ቀደዱትና፣ ቅዳሴ በለመደ ጥርት ያለ ድምፃቸው፣ አንዲት ቃል ሳይውጡ አነበቡት፦ "ስማቸው ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ባለሙያ የፓርኩን ወሰን ለመለካትና በወሰኑ ውስጥ ያሉ ይዞታዎችን ለመለየት የተላኩ ስለሆኑ፣ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግላቸው።"

ስሜ እስከ አባቴ ስም ድረስ አንድ ፊደል ሳይሳሳት ተጽፏል፤ ለዚህ ወይዘሪት ሂዊ ትመስገን። ንባቡ እንዳበቃ አንዱ የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወሰደ፣ ሌላው የካሜራውን ማቆሚያ እግሮቹን አጥፎ በብብቱ ያዘ። እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን የማሳምርበት ሌላ ቃል የለኝም። ሐዋሳ ላለው አባቴ ማን ደውሎ ይነግረው ይሆን፣ ምን ብሎስ ይጀምርለት ይሆን እያልኩ ነበር የምሄደው።

3. ሦስተኛው ስለ ስልክዎ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ሜዳ አስቀመጡኝና "ዋስ ጥሪ" አሉኝ። የአገሩ ሥርዓት ነው፤ የተያዘ ሰው የታመነ ዋስ ካቀረበ ይሄዳል፣ ካላቀረበ ይቀመጣል። እኔ በዚያ ተራራ ላይ ከእርስዎ ማኅተም በቀር የማውቀው ስላልነበረኝ፣ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጊው ስላሉኝ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲቆም አሥራ አራቱም አብረውኝ አዳመጡ። የቅዳሜ ዕረፍትዎን ሳልረብሽ በመቅረቴ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ያን ዕለት ግን አልቅሻለሁ። አንገቴ ላይ ማተብ እንደሌለ አንዱ ለሌላው በዓይኑ ሲያሳየው አይቻለሁና ሻርፔን ወደ ላይ ሳብኩ። ዘመድ የለሽም ወይ አሉኝ። በዚህ አገር የለኝም አልኩ።

ይኼኔ ከተሰበሰበው የመንደሩ ሰው መካከል አንዲት ሴት ከዳር ተነሡ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ይባላሉ፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ከችካሎችዎ አንዱ የቆመው በእሳቸው ገብስ መካከል፣ ከቤታቸው በር ፊት ለፊት ነው። ከሁሉም ይልቅ እኔን ሊጠሉኝ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። "ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ። አቶ ገዳሙ ደንግጠው "የማታውቂያትን ሰው?" ሲሏቸው፣ "እጇን አታዩም እንዴ? እንደኛው ፈርታለች። ደግሞስ ይችን እዚህ ካስቀመጥን ለላካት ሰውዬ ማን ይነግረዋል?" ብለው መለሱ።

ጉባኤው ተማክሮ ቀን ቆረጠ። ኅዳር 21፣ በማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የላከኝ ሰው ራሱ መጥቶ ችካሉ ምን እንደሆነ፣ መሬታቸውን ይነሡ እንደሆነና እንዳልሆነ በአፉ ይናገር ተባለ። ካልመጣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቀያሽ ያስመለጡ ተብለው ከእድር ይወጣሉ። እድር የሌለው ሰው ሲታመም ማን እንደሚያነሣው፣ ሲሞት ማን እንደሚቀብረው ክቡርነትዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና ያውቁታል። እሳቸው ይህን እያወቁ ከዋስነቱ አልወጡም። ከዚያ ቤታቸው ወስደው የተቀቀለ ድንች አበሉኝ፤ እኔ መዋጥ ሲያቅተኝ ውኃ ቀዱልኝ፤ ቁልፌንና ደብዳቤውን አስመልሰው እስከ መኪናዬ ድረስም ሸኙኝ። በዚያ ሁሉ መንገድ ስለ እድሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ይመጣ ይሆን?" አሉኝ። ይመጣሉ አልኩ። ምን ይዤ እንዳልኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

4. ሰኞ ማለዳ በሩ ሳይከፈት ቢሮዎ ደጅ ነበርኩ። እርስዎ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ በተዘጋጀ የአምስት ቀን ዐውደ ጥናት ላይ እንደሆኑ ተነገረኝ፤ ርዕሱን ስሰማ መደሰቴን መደበቅ አልችልም። ምክትልዎ ደብዳቤውን አገላብጠው አይተው፣ ቁጥሩም ቀኑም ትክክል ስለሆነ ስሕተት የለበትም አሉ። ስለ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ስነግራቸው ጉዳዩ የእድሩ የውስጥ ጉዳይ መሆኑን አስረዱኝ። በመጨረሻም ደብዳቤውን እንድመልስና በምትኩ ሌላ እንደሚጻፍልኝ በደግነት ቃል ገቡልኝ። አልመለስኩም። የእርስዎ ማኅተም ያለበትን ነገር ሕዝብ ሳያየው ከእጄ ማውጣት ከበደኝ፤ ስለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ በግልጽ ማውጣቴ።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። መንገዱ በመኪና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ከኔዋ የተሻለ መኪና እንዳለዎትም ግቢዎ ውስጥ አይቻለሁ። መሬቱ ይወሰዳል የሚሉ ከሆነ ይወሰዳል ይበሉ፤ አይወሰድም የሚሉ ከሆነ መጥተው ችካሉን ይንቀሉ። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ በራቸውን ሲከፍቱ አንድ ቀይ እንጨት እያዩ፣ የሚነግራቸው ሰው አጥተው የከረሙ ናቸው። እኔ ያንን ፍርሃት ለግማሽ ቀን ቀምሼው ይኸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና የሚነሣ ስልክ ከልብ እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ፤

ሩሃማ ንጉሴ
በትምህርቷ የጂኦግራፊ መምህርት፣ በእርስዎ ፊርማ ቀያሽ

ማስታወሻ፦ ኅዳር 21 ቀን እርስዎ መጡም ቀሩም እኔ እዚያ ሜዳ ላይ እገኛለሁ፤ ወይዘሮ ጥሩብርሃን በጉባኤው ፊት ብቻቸውን አይቆሙም። እንደምፈራ አልደብቅዎትም፤ በጣም እፈራለሁ። ስለዚህ ለደኅንነቴ ጥቂት እንኳ የሚያስቡ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ እባክዎ ደብዳቤ አይጻፉልኝ።