በር ያለው ግድግዳ

ይህን ብዕር የያዘው የእናትሽ እጅ ነው። አትደናገጪ፣ አልታረቅንም። ቃሉ የኔ፣ ጽሕፈቱ የሷ፤ እንደ ድሮው።

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? ባልሽስ ማጨሱን ተወ ወይስ ይዋሽሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ስለሆነ ደረጃ አልወጣም። ናፍቆትሽ ግን ደረጃ አይጠይቅም፤ ተቀምጬም ያገኘኛል።

ባለፈው ደብዳቤ እናትሽ የነገረችሽ እውነት ነው፤ ልንፋታ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳበስልልህ፣ ስጽፍልህ፣ ሳነብልህ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብለኸኝ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። እኔም ስለ ምኑ አልኳት። በቃ፣ ይኸው ነው። ቃል እንጨት አይደለም፤ ከወጣ በኋላ መልሼ ልልገው አልቻልኩም።

የፍርድ ቤቷ አስታራቂ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬ የት ሄደ የምትል ሴትዮ፣ ቤቱን አንዱ ያካፍል፣ ሌላው ይምረጥ አለችን። አካፋዩ እኔ ሆንኩ፤ አናጺው እኔ አይደለሁ? ሜትር ይዤ ሁለት ቀን ለካሁ። በአንድ ወገን ማድቤቱን፣ የስፌት መኪናዋ ያለችበትን ባለ መስኮት ክፍልና ያንቺን ክፍል አደረግሁ። በሌላው ወገን የኔን የእንጨት ሥራ ክፍልና ጓዳውን። መቼስ ልብስ ሰፊ ብርሃን ትፈልጋለች፣ ያንቺም አልጋ ከእናትሽ ጋር ይሁን ብዬ ነው።

እሷ ምን አደረገች መሰለሽ? የእንጨቱን ክፍል መረጠች! ሰጋቱራ ዕድሜ ልኳን ያሳላት ሴት! ለምን ብትባል፣ እሱ ያለ ማድቤት በረሃብ ያልቃል፣ የልጁንም አልጋ ሳያይ አይውልም አለች። እንቁላል መቀቀል የማልችለው ሰውዬ ማድቤት ታቅፌ ቀረሁ። እሷ ደግሞ በመጋዝ ቀሚስ ልትሰፋ ነው። ይህ ነው እኩል? አልፈርምም ብዬ አውራ ጣቴን ኪሴ ከተትኩ። እሷም ከመረጥኩት ንቅንቅ አልልም አለች። እስከ ሰኞ ካልተስማማን ዳኛው ቤቱን ያሸጠዋል። ያን ጊዜ አንቺ በየትኛው ደጅ ትገቢያለሽ?

ስለዚህ ትላንት አስታራቂዋ ፊት እንዲህ አልኩ። ወገን እንቀያየር፤ ማድቤቱን እሷ ትውሰድ። ግድግዳውን በገዛ እጄ እሠራዋለሁ፣ ነገር ግን በር ይኖረዋል። የልጃችን ደብዳቤ የመጣ ቀን በሩ ይከፈትና ታነብልኛለች። ይህም ወረቀቱ ላይ ይግባ አልኩ። አስታራቂዋ፣ አባቴ፣ ይሄኮ ንብረት አይደለም ብላ ሳቀች። ከዚህ ሌላ ምን ንብረት አለኝ አልኳት። እናትሽ አልሳቀችም። አስብበታለሁ ብላ ሻርፕዋን አንሥታ ወጣች። እስካሁን እያሰበች ነው።

አሁንም ብዕሩን አቁማ ታየኛለች። ጻፊ ብያታለሁ። መቼም እኔ ፊደል ከጭረት አልለይም፤ ብትፈልግ አባትሽ አህያ ነው ብላ ትጽፍልሽ ነበር። ግን በዚህ አንድም ቀን ጠርጥሬያት አላውቅም።

የክፍልሽ በር ዛሬም ሲጢጥ ይላል። ዘይት ላጠጣው ተነሥቼ ተውኩት። ነፋስ ሲገፋው የገባሽ ይመስለኛል።

ባልሽን ትከሻውን አንዴ ምቺልኝ። አማትሽን አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቷል በያቸው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚና አያትሽ ወንበር እየሠራልሽ ነው በያት። እናትሽንም አመስግኚልኝ። ስለ ምኑ ካለችሽ፣ ስለ ሁሉም በያት።

አባትሽ ነኝ። ከማድቤቱ ጠረጴዛ፣ ቅዳሜ፣ ሰኔ አሥራ አራት።

ጨረስኩ። በይ እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ፤ የመጨረሻውን እንዳትዘዪው።