ሬዲዮ የታሰረበት ሰሞን

ሚያዝያ 27፣ 1990፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ሰላዩ ዛሬም መጡ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ተነስና አክብር፤ የቀበሌያችን ጸጥታ ሠራተኛ አቶ ላታ ናቸው። የእህቴን ባል ሻምበልን ሊሰልሉ በጓሮ በኩል በእንሰቱ መሃል ተሽሎክልከው ገቡ፤ ሱሪያቸው ጭቃ በጭቃ። በፊት ለፊት በር ቢመጡ ማን ይከለክላቸዋል? ሥራ ግን ሥራ ነው። እህቴ አልማዝ ደግሞ እንግዳ ጦሙን አትሸኝም። ጎደሬ በሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ አቀረበች። በልተው ይሰልላሉ።

የሻምበል ወንጀል፦ ሬዲዮ። በደርግ ጊዜ አስመራ ተመድቦ የጠላት ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ሰውየው ሶዶ ገባ፤ ጆሮው ግን አልተበተነም። ዛሬም የአስመራን ጣቢያ ይከፍታል። አቶ ላታ ትግርኛ አያውቁም። ስለዚህ ተሰላዩን ራሱን ያስተረጉሙታል። «ቀስ ይበሉ እንጂ ሻምበል፣ እየጻፍኩ እኮ ነው!»

ሚያዝያ 29፣ ሐሙስ

ሻምበል የአስመራ ጣቢያ ዘፈን ተለወጠ ይላል። የፍቅሩ ቀርቶ የወታደሩ በዝቷል። ጦር ሊመጣብን ነው፣ አለ።

ሳቅሁበት። ወንድማማች መንግሥታት አይደሉም እንዴ? ድንበሩ በፍቅር ታጥሮ የለም? ፍቅር አጥር አይሆንም፣ አለኝ። አቶ ላታ ይህንንም ጻፉ። በዚህች አገር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ የደረሰው ምናልባት ለእኛ ቀበሌ ሊቀ መንበር (ሊ/መ) ብቻ ነው። እንኮራለን።

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ

ሊ/መ አነበበ። ወንድማማች ሕዝቦችን ማጋጨት ነው ብሎ ፈረደ። ሬዲዮው ታሰረ። ሻምበል አስረከበ። የባትሪ ድንጋዩ እንዳይፈስበት አውጡለት፣ አለ ብቻ። ምን ዓይነት ሰው ነው!

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ጦር ገባ። በሰሜን፣ ባድመ። መምህራን ተሰብስበን የት/ቤቱ ካርታ ላይ ፈለግን፤ አጣነው። አገር ተኝታ ነበር። አይ፣ አልተኛችም፤ ዓይኗ እህቴ ጓሮ ነበር።

ይኩራራል ብዬ ሻምበል ቤት ሮጥሁ። አንገቱን ደፍቷል። በዛላምበሳ በኩል ነበር የጠበቅኋቸው፣ ተሳሳትሁ፣ ይላል። አገር ሙሉ አንኮራፍቶ ሳያፍር፣ እሱ ቦታ በመሳቱ አፈረ።

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ሊ/መ መጣ፤ አቶ ላታን አስከትሎ፣ ሬዲዮውን አቅፎ። በፊት ለፊት በር። የቀድሞ ወታደሮች ለግንባር ይፈለጋሉ፤ ሙያ ያላቸው በተለይ።

አልማዝ ተነሳች።

«ጆሮውን ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ እግሩ አማራችሁ? የደርግ ወታደር ነው ብላችሁ ዘበኝነት እንኳ የከለከላችሁት ሰው!»

«እትዬ አልማዝ፣ አገር እኮ ነው።»

«አገርማ አገር ነው። እናንተ ናችሁ እንጂ!»

«እውነቷን ነው» አሉ አቶ ላታ ከኋላ። ሊ/መ ዞር ሲል ሳል ያዛቸው።

ሻምበል እሄዳለሁ አለ። በዙሪያችን ካሉት ከተሞች፣ ከተበላም ከገሱባም፣ ልጆች እየዘፈኑ መኪና ላይ ሲወጡ አይቷል። ከፊታቸው ያለውን ጠላት በሬዲዮ የሚሰማላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ አለ። ዘበኝነት የከለከለውን ሊ/መ አልወቀሰውም። እኔ ብሆን ሦስት ገጽ እሰድበው ነበር።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

አልማዝ ጠራችኝ። አለቀሰች። «ቀልድህን ተውና ባሌን አስቀርልኝ። አንተን ይሰማሃል።» ቃል ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ዋልሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ጉልበቱ። ጥሩ ወጥቷል፤ ድንጋይ ያስቀራል።

ሰኔ 12፣ ዓርብ፣ ጠዋት

መኪናው ሊነሳ ነው። ሄድሁ። ሻምበል ጓሮ እየታጠበ ነው። አልማዝ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ የድሮ ካፖርቱ ጭኗ ላይ፣ የረገፉትን ቁልፎች እየተከለች።

ንግግሬን ልጀምር አፌን ከፈትሁ።

«ዝም በል» አለችኝ ቀና ሳትል። «ዓይኔ አልይዝ አለኝ። ክሩን በመርፌው አስገባልኝ።»

አስገባሁላት።