ስልክ ፊት የለውም

ለማትጠገቢው እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ ላምሽ፣ ያ ስስታም የፖም ዛፍሽ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እንደ አዲስ የሽመና መወርወሪያ ነኝ። ይህን ደግሞ ጎረቤት ጻፈለት ብለሽ እንዳታሚኝ፤ የገዛ እጄ ነው። ከማታ ትምህርት ቤቱ ሽማግሌዎች አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛው ባያንቀላፋ ኖሮ ይፎካከረኝ ነበር።

ደብዳቤሽን ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት። በስልክ «መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር» ስትዪኝ «እሺ» ብዬ፣ አንቺ አልጋ አንጥፈሽ ባቡር ጣቢያ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ቀረሁ። መቀየምሽ እውነትሽን ነው። ግን እህት ዓለም፣ እኔ ከወጣሁ ከተማችን ዉች ምን ይቀራታል? ፋብሪካዎቹ ተዘግተው የቀረነው ጭስ ማውጫውና እኔ ነን፤ ጭስ ማውጫው ደግሞ አይሸምንም።

የተወለድንባት ክፍል እንኳ ሙዚየም ሆናለች። የሽመና መኪናዋን ለጎብኚ እስካንቀሳቀስክ ድረስ በነፃ ኑርባት አሉኝ። መጋረጃ መስቀል የለም፤ የእናታችንን ወንበር ማዛወር የለም። የቀይ ሥር ሾርባዬን ስጠጣ ሰው በር ላይ ተደርድሮ ያየኛል። በሬ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል መስሎኝ በኩራት አሳያቸው ነበር። አሁን ሳነበው «መንካት ክልክል ነው» ይላል። ትምህርቱም እዚሁ ግቢ፣ በድሮው መፍተያ አዳራሽ ነው። ሲያልቅ ሌሎቹ ይወጣሉ፤ ዘበኛው በሩን ከውጭ ይቆልፋል። እኔ ቤቴ ነኝ አይደል።

ባለፈው ማክሰኞ አስጎብኚዋ ወይዘሪት ቦግና ሰዎች ይዛ መጣች። እኔ ከመኪናዋ ጋር መስታወት ውስጥ፣ እነሱ ከመስታወቱ ወዲያ። ሸማኔ በጩኸት መሃል በከንፈር እንደሚነጋገር ማን ይንገራት። ከንፈሯን አየሁት፦ «እኒህ ሽማግሌ ሲሞቱ በቦታቸው አሻንጉሊት እናቆማለን።»

እኔም ድምፅ ሳላወጣ «እንደኔ ቆንጆ ካገኛችሁ ቲኬቱን አስወድዱት» አልኩ።

ማንም ልብ አላለኝም። ከኋላ ራሷን በሻርፕ ያሰረች አሮጊት ብቻ ፈገግ አለች። የእኛ ሰው ናት፣ የድሮ ሸማኔ፤ እሷም በከንፈሯ መለሰችልኝ።

«አንተዬ፣ ዘመድ የለህም?»

«እህት አለችኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ቀልድ ስፈልግላት ማጉ ተበጥሶ መኪናዋ ባዶዋን ስትመታ ቆየች። እኔ አልሰማሁም፤ ቦግና ናት መስታወቱን እየደበደበች በእጇ ያሳየችኝ።

እህቴ፣ ከእንግዲህ አትደውዪልኝ። ስልክ ፊት የለውም። ይልቅ ነይ፤ ቀን፣ በሩ ክፍት ሳለ ነይ። ሻርፕሽን ከአፍሽ ዝቅ አድርጊና ብርሃን ባለበት ፊት ለፊቴ ቁሚ። ያን በስልክ ያልሽኝን ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ። የዚያን ጊዜ እሺ ካልኩሽ አውቄ ነው።

አልጋውን አታንሺው። እጅሽ አይድከም፣ ደጅሽ አይዘጋ።

በገዛ እጁ የጻፈልሽ
ወንድምሽ