የሕዝብ ድመቶች እና የአቶ ሰብስቤ ግራር

ናዝሬት፣ መስከረም 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አብተው
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከንግግር ብዛት ጉሮሮዎ እንዳይደክም፣ ከወንበር ብዛት ወገብዎ እንዳይያዝ ጠዋት ማታ የምመኝልዎት እኔ፣ ከኅብረት ሱቁ መጋዘን ጀርባ ትልቁ ግራር ባለበት ግቢ የምኖረው ዘርፉ ነኝ። እኛም ደህና ነን፤ ይኸውም ባለቤቴ አቶ ሰብስቤ ዓይናቸው እንደጠፋ ነው፣ የእኔም ጉልበት እንደታመመ ነው፣ የመጋዘኑ አይጦች ግን እጅግ በጣም ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ላስገባው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ የገባ ነገር ተመልሶ ሲወጣ አይቼ ስለማላውቅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፉን መረጥኩ። ባለፈው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ማንም ነዋሪ ቅሬታውን ሳይፈራ በአደባባይ ይናገር ብለው አስተምረውን ነበርና፣ ትምህርትዎን አምና ሥራ ላይ ያዋለች አንዲት አሮጊት በመገኘቷ እንደሚኮሩ አልጠራጠርም።

ነገሩን ላልሰማ አላፊ አግዳሚ ከመጀመሪያው ላስረዳ። የዛሬ ዓመት ገደማ ከአርሲ ነገሌ የመጣው ስንዴ መጋዘን ከገባ በኋላ አይጥ በዛ ተባለ። እርስዎም ድመት ያለው ነዋሪ ሁሉ ድመቱን ለቀበሌው እንዲያስረክብ አዘዙ። ከወሎ መጥተው ገበያው ጥግ ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዙህራ ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው ሲሄዱ፣ ወላሂ ልጄን ዘመቻ የሸኘሁ ያህል ነው እያሉ እንባቸው ይወርድ ነበር። እርስዎ ድመቶቹን በጭብጨባ ከተቀበሏቸው በኋላ ሁለት መመሪያ ሰጡን። አንደኛው፣ የጠገበ ድመት አይጥ አይዝምና ማንም ሰው እንዳይመግባቸው የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ድመቶቹ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ስለሆኑ የመታቸው ወይም ያባረራቸው ሰው በአሻጥረኛነት ይጠየቃል የሚል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጥበብዎን እየተንጠራራሁም ቢሆን እደርስበት ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት እርስዎና የሱቁ ሠራተኛ በሚዛን ጉዳይ ተጣላችሁና፣ ነገሩ እስኪጣራ መጋዘኑ ይታሸግ ተባለ። በሩ በሰንሰለት ተቆለፈ፣ በቀይ ሰም ታተመ፣ መስኮቱ በቆርቆሮ ተመታ፤ ከበሩ ሥር የነበረችው የድመት መግቢያ ቀዳዳ እንኳ ሳትቀር በሲሚንቶ ተደፈነች። አይጦቹ ከውስጥ ከስንዴው ጋር፣ ድመቶቹ ከውጭ ከረሃባቸው ጋር ቀሩ። አይጥን ከድመት ለመጠበቅ ይህን ያህል የደከመ ሌላ ቀበሌ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ሲሚንቶው ለጋራ መጸዳጃ ቤታችን ጠፋ የተባለው ነው እያለ ሰው ያወራል፤ እኔ ግን ወሬ አልወድም፣ የምወደው መጻፍ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የተራበ ድመት ስብሰባ አይጠብቅም። የሕዝብ ድመቶችዎ መጋዘኑን ዞረው ዞረው መግቢያ ሲያጡ የእኛን አጥር ዘለሉ። መጀመሪያ ግድግዳችን ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን እንሽላሊቶች ጨረሱ። ለእንሽላሊት አላለቀስኩም፤ ወባ ትንኙ ሲበዛብን ነው የእንሽላሊት ጥቅም የገባኝ። ቀጥለው ወደ ወፎቹ ዞሩ፤ እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ መናገር ግድ ይሆንብኛል። አቶ ሰብስቤ ዕድሜያቸውን በባቡር ሐዲድ ጥገና የፈጁ ሰው ናቸው፤ በኋላ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ መንጋቱን የሚያውቁት በግራሩ ወፎች ነው። ዋኖሷ ስትጀምር ይነሳሉ፤ ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪዎች ሲንጫጩ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ እነዚያ ሆደ ቀዮቹ ወርደው እግራቸው ሥር ፍርፋሪ ሲለቅሙ ፀሐይዋ እንደወጣች ያውቃሉ። እኔ ነግቷል ብላቸው አያምኑኝም፤ ሰው ይሳሳታል፣ ሰው ይዋሻል ይላሉ። ለዓይነ ስውር ሰው ቀንና ሌሊቱን የሚለይለት ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው፣ ዓይን እያለዎት ለእርስዎ ማስረዳት ይከብደኛል።

ሁለተኛ፦ አንድ ቀን ጠዋት አንዷ ድመት ዋኖሷን ከአቶ ሰብስቤ እግር ሥር ወሰደቻት። የክንፏን መራገብ ሰምተው ምንድን ነው ሲሉኝ ነፋስ ነው አልኳቸው፤ ከተጋባን ጀምሮ የዋሸኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያም ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ። ጉልበቴን ያየ ሰው እጄንም ይገምተዋልና ድንጋዩ ከራሴ ጎመን መደብ አላለፈም። ሆኖም ሰው አይቶኝ ኖሮ፣ ምሳ ሳይደርስ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ጉተማ መጥቶ ወሰደኝ። ጉተማ የደግ ሰው ልጅ ስለሆነ ዓይኔን ማየት አፍሮ፣ «አዮ፣ እናቴ፣ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው» እያለ መንገዱን ሁሉ ክንዴን ደግፎኝ ነበር። እርስዎ ግን በሕዝብ ንብረት ላይ እንድነሳ ያሰማራኝ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ወፎቹ ላስረዳዎት ስሞክርም፣ ድመቶቹ በቀበሌው የተመዘገቡ ሲሆኑ ወፎቹ ግን እንዳልተመዘገቡ በትዕግሥት አስታወሱኝ። ለዚህ ግልጽ ማብራሪያ እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎት መቆየቴ ያሳፍረኛል።

ሦስተኛ፦ ድንጋይ ከተከለከለ ብለን ከወይዘሮ ዙህራ ጋር ተማከርን። የእሳቸው ድመት የድሮ ቤቷን ስላልረሳች ሲጠሯት ትመጣለች፤ በዚህ ተጠቅመን የፍየል ቃጭል አንገቷ ላይ አሰርንላት። ለጥቂት ቀናት ድመቷ ስትመጣ ወፎቹ እየሰሙ ይበሩ ነበር፤ አቶ ሰብስቤም መጣሽ አንቺ ቀበጥ እያሉ ይስቁ ነበር። እርስዎ ግን ቃጭሉ እንዲፈታ አደረጉ። ምክንያትዎ፣ አይጦቹ የድመቷን መምጣት ቀድመው ያውቃሉ የሚል ነበር። አይጦቹ ማለት በሲሚንቶ፣ በሰንሰለትና በቀይ ሰም ከድመቷ የተጋረዱት መሆናቸው ነው። እኔ ይህን ምክንያት ለሰው ስናገር የሚያምነኝ ስላጣሁ፣ እባክዎ አንድ ቀን በራስዎ አንደበት ይድገሙልኝ።

አራተኛ፦ የድመት መግቢያዋ ቀዳዳ ትከፈት ብዬ አመለከትኩ፤ ከማጣራቱ በፊት አይቻልም ተባልኩ። እንግዲያው ከቤታችን ከተረፈው እናብላቸውና ወፎቹን ይተዉልን ብዬ ለመንኩ፤ ድመቶቹን የንዑስ ከበርቴ አመል ልታስተምሪ ነው ወይ ተባልኩ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

አምስተኛ፦ ይህን ስጽፍ እጄ ስለሚከብደኝ ቃሌ ቢሻክር ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሁሉም ሲዘጋብን የግራሩን ግንድ በእሾህ ቅርንጫፍ ዙሪያውን አጠርኩት። እሾህ ማሰር ያልተከለከለው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳይታሰብ የቀረ ይመስለኛል። ሠራልን። ክረምቱ ሲገባ ቢጫዎቹ ወፎች በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ጎጇቸውን ሠሩ፤ ከየት እንደመጣች የማላውቃት አንዲት ዋኖስም እንቁላል ጣለች፤ አቶ ሰብስቤም እንደ ድሮው ከዋኖሷ ጋር ይነሱ ጀመር።

ከዚያ በነሐሴ መጨረሻ ከድመቶቹ አንዷ እርስዎ ግቢ ገብታ የፈረንጅ ዶሮ ጫጩቶችዎን በላች። ዓመት ሙሉ የሕዝብ ንብረት የነበረች ድመት፣ የበላችው የእርስዎ ጫጩት ሲሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ ፀረ ሕዝብ ሆነች። ለዚህ ስብሰባ አልተጠራም፤ ኮሚቴ አልተዋቀረም፤ ይጣራም አልተባለም። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጓዶች አጥራችንን ጥሰው ገቡ። ድመቷ ከመጋዘኑ ጣሪያ ዘልላ ግራሩ ላይ ወጥታ ነበር። አቶ ሰብስቤ ከሥሩ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መቀመጣቸውን ጓዶቹ አይተዋል፤ እኔም እየጮኽኩ ከማድ ቤት ወጥቻለሁ። ቢሆንም ተኮሱ።

ሰፈሩ በእነዚያ ክፉ ዓመታት የለመደውን አደረገ። በሩን ዘጋ፣ ልጆቹን ጠርቶ ሰበሰበ፣ ድምፁን አጠፋ። ድመቷ ወደ ማዶ ዘልላ አመለጠች። ጥይቱ ያገኘው ታችኛውን ቅርንጫፍ ነበርና፣ ቅርንጫፉ ከነጎጆዎቹ ባለቤቴ ላይ ወረደ። ስደርስ አንድ ጎጆ ጭናቸው ላይ ወድቆ በጣታቸው ይዳስሱት ነበር፤ እጃቸው በተሰበረ እንቁላል ርሷል። ማን ሞተ ብለው ጠየቁኝ። ምን ሞተ አላሉም፤ ማን ሞተ ነው ያሉት። ማንም አልሞተም አልኳቸው። አላመኑኝም፤ በዚህ ሰፈር ያ ድምፅ ተሰምቶ ሰው ያልሞተበትን ጊዜ አያስታውሱምና።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ያገሬ ሰው። ተራቹ የእኛን ቀበሌ ቢያይ ኖሮ፣ ዳዋው ከተመታ በኋላ አይጧ የስንዴው ጠባቂ ሆና ትሾማለች ብሎ ይጨምርበት ነበር። በግልጽ ልንገርዎት ጓድ አብተው፤ በእርስዎ ተናድጃለሁ፤ ንዴቴም በማጣራት የሚያልቅ ዓይነት አይደለም። ድመት ድመት ናት፤ ተርባ አደነች፤ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ያስራቧትም፣ በእኛ ላይ የለቀቋትም፣ በመጨረሻ ባለቤቴ ራስ ላይ ያስተኮሱባትም እርስዎ ነዎት።

ያም ሆኖ ምስጋና የሚገባውን ማመስገን ያሳደጉኝ ወላጆቼ ያስተማሩኝ ነውና ላመስግን። ጓዶቹ አነጣጥረው መተኮስ ስለማይችሉ አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። የጥይቱን ዋጋ ስላላስከፈሉንም አመሰግናለሁ፤ ከእኛ በፊት ይህ ቸርነት ያልደረሳቸው ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያችን ቀዳዳ ይክፈቷት፣ ድመቶቹም ወደተጠሩበት ሥራ ይግቡ፣ ግቢያችንንም ለወፍ ይተዉልን።

ሥልጣንዎ እንደ ማኅተምዎ ሰም ለእሳት ሳይቀርብ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ የተረፉት ጫጩቶችዎ ለወግ ለማዕረግ እንዲበቁልዎት እየጸለይኩ፣ ከበታችዎ፣ ከመጋዘንዎ ጀርባና ከአይጦችዎ በታች የምገኘው

ታዛዥዎ ዘርፉ
የአቶ ሰብስቤ ባለቤት

ያልጨረስኩት ነገር፦ ወፎቹ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሱም፤ አቶ ሰብስቤም ነግቷል ብላቸው ከአልጋ አይወርዱም። እርስዎ ይህን ከጉተማ ሰምተው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ወደ ግቢያችን እንዲዞርና የጠዋት ንግግርዎ እንዲቀሰቅሳቸው ስላደረጉ፣ ለአሳቢነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት የመጀመሪያው ቀን ነበር። አቶ ሰብስቤ ንግግርዎን እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው አዳመጡ፤ ከዚያ፣ ይህ ሰውዬ የሚናገር ከሆነማ ገና አልነጋም ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።