ለኢድ የሚላከው ሱሪ

ለተከበሩ እትዬ ዚናት፣

ሰላምታዬ ከራጅሻሂ ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሙስካት ይድረስዎ። ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማንጎውም ዘንድሮ ቅርንጫፉን ሊሰብረው ደርሷል።

ቤቱን እንድይዝለት አደራ ያሉኝ ወንድምዎ ተይሙር ያው እንደሚያውቁት ነው፤ ሌት ተቀን የሚያወራው ስለ ቆዳ ነው። የሚሠራበት ሆስፒታል ውስጥ የምድጃ እሳት የበላት አንዲት ሕፃን ተኝታለች። ከራሷ ገላ ተነሥቶ የሚለጠፍላት ደህና ቆዳ ስላልተረፋት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያሳድገውን ሊያደርስላት ይጣደፋል። ቆዳውን ይሞክርባቸው የነበሩትን ጥንቸሎች ግን ለጎረቤት ልጆች አደላቸው። «ሙከራው ቀረ እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ኧረ ገና አሁን ተጀመረ!» አለኝ።

መስጊድም ከኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንበር ላይ ሆኖ ነው አሉ የሚሰግደው። ባለ ሻይ ቤቱ ኑሩል፣ «ዶክተር፣ ሳንድርህ አረጀህ?» ብሎ ቢቀልድበት ስቆ አለፈው። ከእኔ ጋር ግን ሳቅ የለም። ቤት ሲገባ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ትቶ ቆሞ ይበላል። ባልዲ አንሥቶ የማያውቅ ሰው ሽርጡን ራሱ ያጥባል፤ ልቀበለው ስል ይቆጣኛል። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው፣ «ዝም በይ ሩማና፣ ብቻ ልጅቷ ትዳን» ይለኛል።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ልጆቹን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ አላህ በሰላም ያገናኘን።

ደግሞ አደራ፣ ለኢድ እንደ ልማድዎ ነጭ ሱሪ እንዳይልኩለት። ዘንድሮ ጭኑ ላይ ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ይሁን።

አክባሪዎ ሩማና